የመጨረሻው ጥቅል

ዴን ሃግ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984

ይድረስ ለፋንታዬ ወልደየስ፣ ቢልመር፣ አምስተርዳም

ልጄ ፋንታዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። መልሱ የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጄዋለሁ። ለገና ጠርተሽኝ ባለመምጣቴም ይቅርታ አድርጊልኝ። የማጸዳው መሥሪያ ቤት በዓላችንን አያውቅም፤ የዚያን ዕለት የሦስት ፎቅ ወለል ስወለውል ነው የዋልኩት። ስልክ ቁጥርሽን ጽፈሽልኛል፤ ግን እኔና ስልክ ከተለያየን ቆይተናል። ሃያ ሁለት ዓመት ከሲኒማ ማሽን አጠገብ የቆመ ጆሮ ምን ያህል እንደሚተርፍ አንቺም ታውቂያለሽ። አከራዬ ደግ ሰው ነው፤ የበሩን ደወል ከመብራት ጋር አገናኝቶልኛል። ሰው ሲደውል ክፍሌ ብልጭ ይላል። እስካሁን ያበራው ፖስተኛው ብቻ ነው።

የእናትሽ የእትዬ አበባይሽ ጤና መለስ ማለቱን ሳነብ ደስ አለኝ። የምትጦሪያቸው አሮጊት ሲያርፉ ልጃቸው የቪዲዮ ማሽናቸውን ለአንቺ መስጠቱም መልካም ነው። አንቺም የካውቦይ ፊልም ልትገዢ አስበሽ የቱ ቤት ሊቀመጥ እንደሚገባው ጠየቅሽኝ። የምመልስልሽ ካየሁት ነው እንጂ ከሰማሁት አይደለም። በማሽኑ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛዬም በፊልም ሣጥን ላይ የተጻፈውን ከማንበብ አያልፍም። ስለዚህ መመዘኛዬ አንድ ነው። ድምፁን አጥፍተሽ እዪው። ከገባሽ ግዢው፤ ካልገባሽ ተከራይተሽ መልሺው።

መጀመሪያ የማይገዛውን ልንገርሽ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተኮስበትን ተዪው። ስድስት ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሳይሞላ አሥራ አንድ ጊዜ ሲተኩስ ቆጥሬአለሁ። ሰው ያጨበጭባል፤ በሳምንቱ ግን የአክተሩን መልክ እንኳ አያስታውስም። አክተሩ ጊታር ይዞ የሚዘፍንበትንም ተዪው።

ከሚገዛው አንዱ የእኛ ሰው «የጨው ሜዳ» ያለው ነው። የፈረንጅ ስሙን አላስታውሰውም፤ የአንዱንም አላስታውስም። እኛ ዘንድ ለፊልም ስም የሚያወጣው ተመልካቹ ነበር። አራት ሰዎች አንድ ኮዳ ውኃ ይዘው ነጭ ሜዳ ያቋርጣሉ። ከአራቱ ከሃዲው የትኛው እንደሆነ ከኮዳው አያያዝ ታውቂዋለሽ። «የጉድጓዱ ዳኛ»ም ይገዛል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የውኃ ጉድጓድ ይካሰሳሉ፤ ዳኛው ፈርዶ ሲጨርስ ከዚያው ጉድጓድ ቀድቶ ይጠጣል። ያን ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን የማውቀው ከማሽኑ ክፍል መስኮት ሆኜ የሰዉን ትከሻ ስመለከት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን «ባለ ግራጫ ፈረሱ»ን ፈልጊ። በ1970 ዓ.ም. የካቲት ለአሥር ቀን ብቻ መጥቶልን ነበር። አምስት ጥቅል ነው። አምስተኛውን ለአንድም ተመልካች አላሳየነውም፤ የሰዓት እላፊው ጠብቆ ስለነበር ሰው በጊዜ ቤቱ እንዲገባ ሥራ አስኪያጁ «አራተኛው ላይ አቁም» አለኝ። አክተሩ ከሽፍቶቹ ጋር ሊጋጠም ሸለቆ ውስጥ ሲገባ መብራት ይበራል፤ ሰዉ ይወጣል። ከተማው ሁሉ አክተሩ አሸንፎ ቤቱ እንደገባ አምኖ ቀረ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ስለ ወንድምሽ ስለ አድማሴ ለጠየቅሽኝ፣ መልሴ ያኔ ለእናትሽ የነገርኳቸው፣ እዚህ አገር ስንገናኝም ለአንቺ የነገርኩሽ ነው። ያን ዕለት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አራተኛው ጥቅል ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

አክባሪሽ
ማንደፍሮ ጣሰው


ቢልመር፣ ማርች 11 ቀን 1984

ለጋሽ ማንደፍሮ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ አልገባም። ጆሮዎን ያየው ሐኪም ምን አለ? «ቀጠሮ ተሰጠኝ» ብለው ከጻፉልኝ አምስት ወር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሐኪሙ አንዲት ቃል የለም።

ፊልም ፍለጋው እንዳሰብኩት አልቀለለም። ማሽኑ «ቪዲዮ 2000» የሚባለው ዓይነት ኖሯል። ካሴቱ እንደ ዘፈን ካሴት ይገለበጣል፤ ሁለት ፊት አለው። እኔ ይህን ሳላውቅ ያገኘሁትን ካሴት ገዝቼ ብከተው አልገባ አለኝ። አዲስ ስለሆነ የጠበቀ መስሎኝ በመዳፌ ገፋሁት። ጎረቤቴ የሱሪናሟ ሴት ሳቋን መያዝ አቅቷት «ፋንታዬ፣ ይሄ የሌላ ማሽን ካሴት ነው። ያንቺ ዓይነት ከየሱቁ እየጠፋ ነው» አለችኝ።

ጓደኛዬ የትነበርሽ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል የምትኖረው፣ ሮተርዳም ውስጥ አንድ ትልቅ የቪዲዮ ሱቅ አውቃለሁ ብላ ወሰደችኝ። ባለ ሱቁ ርዕሱን ጠየቀን። «ርዕሱን አናውቅም፤ ሰውየው ግራጫ ፈረስ አለው» አልኩት። ግድግዳውን በእጁ አሳየንና «እመቤቴ፣ እዚህ ፈረስ የሌለበት አንድም የለም» አለኝ። የትነበርሽ ደግሞ «ፊልሙ ባለ ቀለም ነው ወይስ ጥቁርና ነጭ?» አለችኝ። ጥቁርና ነጭ እንደሆነ አድማሴ በመጀመሪያው ቀን አይቶት መጥቶ ነግሮኝ ነበር። «እንግዲያስ ፈረሱ ሁሉ ግራጫ ነው፤ አርፈሽ ወደ ቤትሽ ግቢ» አለችኝ። ባለ ሱቁ ምን እንዳለች ባይገባውም አብሮን ሳቀ።

ከሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ያን ፊልም ለምን እንደምፈልገው ግን ያውቃሉ። ወንድሜ በመጨረሻ ያየው እሱ ነው።

የእናቴን ነገር ባለፈው በሙሉ አልጻፍኩልዎትም። ወደዚህ የምትመጣበትን ወረቀት ጨርሼ ነበር፤ እዚህ ያሉት ቢሮዎች ሁሉ ፈቅደዋል። እሷ ግን አልመጣም አለች። «አድማሴ ሲመጣ ማን ይከፍትለታል?» ብላ አጻፈችልኝ። በሩን ሳትቆልፍ ነው የምትተኛው። ሁለት ጊዜ ሌባ ገብቶባታል፤ አሁንም አትቆልፍም። ለጥምቀት ከጀርመን የመጡትን ቄስ ገብረሥላሴን ስለ እሱ ጠየቅኳቸው። «ሞተ ላልተባለ ሰው ፍትሐት አይፈታም፤ ቀኑ ሳይታወቅ አርባው ከየት ይቆጠራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፍትሐት የለ፣ አርባ የለ፣ ተዝካር የለ። በሚመጣው የካቲት ሰባት ዓመት ይሆነዋል። በሕይወት ካለ ይኑርልን። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ሰባት ዓመቱ እንኳ ይውጣለት፤ እሷም ከዚያ በር ትነሣ። እሱን ካዩት ሁሉ የመጨረሻው እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ በኋላ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

አንድ ነገር ይርዱኝ። ፊልሙን እንዳልስተው መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ሰው ባያየውም እርስዎ አይተውት ይሆናል። ለፋሲካ ደግሞ እጠብቅዎታለሁ። ከዴን ሃግ በባቡር አንድ ሰዓት ነው፤ ጣቢያው ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ።

ልጅዎ
ፋንታዬ


ዴን ሃግ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1984

ልጄ ፋንታዬ፣

እትዬ አበባይሽ በር ሳይቆልፉ እንደሚተኙ አላውቅም ነበር። ከደብዳቤሽ ወዲህ የራሴን ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ለፋሲካ መምጣት አልችልም። አብሮኝ የሚሠራው ሞሮኳዊ አገሩ ስለሄደ የእሱንም ፎቅ የምሸፍነው እኔ ነኝ። አትቀየሚኝ። የጆሮ ሐኪሙ መሣሪያ ሰጥቶኛል፤ ሳደርገው የሚሰማኝ የራሴ እርምጃ ብቻ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ፊልሙ፦ ግራጫ ያልነው ከበር ላይ ተለጥፎ ከነበረው ባለ ቀለም ሥዕል ነው፤ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። መጨረሻውን ግን ማንም ሊስተው አይችልም። አምስተኛው ጥቅል ተኩሱን አያሳይም። ሸለቆውንም አያሳይም። ሚስትየዋ ግቢዋ ውስጥ አንሶላ ታሰጣለች። ነፋስ አለ። በአንሶላው ሥር መጀመሪያ የፈረስ እግር ይታያል። ሮጣ ሄዳ አንሶላውን ትገልጠዋለች። ፈረሱ ብቻውን ነው፤ ኮርቻው ባዶ። አታለቅስም። ኮርቻውን ትፈታለች፣ ውኃ ታጠጣዋለች። ከዚያ ቤት ገብታ ከተዘረጋው ገበታ ላይ አንዱን ሳህን ታነሣለች። አለቀ። አንድ ቃል የሚናገር የለም። ሊገዛ የሚገባው ፊልም ማለት ይሄ ነው።

አድማሴ ይህን ሲያይ «ጋሽ ማንዴ፣ ፈረሱ ባይመለስ ኖሮ ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ ሳህን ስታቀርብ ትኖር ነበር» አለኝ። ልጁ እንዲህ ነበር። ሌላው ጥይት ሲቆጥር እሱ ሳህን ይቆጥራል።

መልካም ፋሲካ ይሁንልሽ። ከየትነበርሽ ጋር አብራችሁ ዋሉ፤ ብቻሽን አትሁኚ።

ማንደፍሮ


ቢልመር፣ ሜይ 20 ቀን 1984

ጋሽ ማንደፍሮ፣

ፊልሙ ተገኘ። ከየትነበርሽ ፎቅ በታች የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መርከበኛ አሉ፤ የእሳቸውም ማሽን እንደኔው ስለሆነ ካሴቶቻቸውን ለመሸጥ የሕንፃው መግቢያ ላይ ወረቀት ለጥፈው ነበር። ስም ሳልጠራ መጨረሻውን በተሰባበረ ደችኛዬ ነገርኳቸው፤ አንሶላውን፣ ፈረሱን፣ ሳህኑን። ሳልጨርስ ተነሥተው ከመደርደሪያው አወጡት። «ባለቤቴ ይሄን ሁለተኛ አላይም ብላ ነበር» አሉኝ። ዋጋ አልተቀበሉኝም።

እንዳሉኝ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ሁሉም ልክ እርስዎ እንደጻፉት ነው፤ አንሶላው ሳይቀር።

ከዚያ ማሽኑን አቆምኩና ደብዳቤዎችዎን አወጣሁ። በፌብሩዋሪው አምስተኛውን ጥቅል ለአንድም ተመልካች አላሳየነውም ብለዋል። አድማሴ አራተኛው ሳያልቅ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም ብለዋል። በኤፕሪሉ ደግሞ አድማሴ መጨረሻውን ሲያይ እንዲህ አለኝ ብለዋል።

ንግግሩ የእሱ ነው። እርስዎን «ጋሽ ማንዴ» የሚልዎት እሱ ብቻ ነበር። እኛ ቤት ሳህን የሚያነሣውም እሱ ነበር፤ እናቴ ደክሟት ስትመጣ እንዳታጎነብስ። ይህን እርስዎ ከልብዎ ሊፈጥሩት አይችሉም።

ፊልሙ የመጣው ለአሥር ቀን ብቻ ነው። ለወንድሜ የመጨረሻውን ጥቅል ማን አሳየው? በየትኛው ቀን?

ፋንታዬ


ዴን ሃግ፣ ጁን 12 ቀን 1984

ልጄ ፋንታዬ፣

በዚህ ሰሞን ፖስታ የተዘበራረቀ ይመስለኛል። ፊልሙን አግኝተሻል የሚል ወሬ ከአንድ ሰው ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ካሴቱን ከማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጪው። ከፀሐይም አርቂው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠንጥኚው፤ ያለዚያ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አቁመሽ እንጂ አጋድመሽ አትደርድሪ።

ሌላ ሊገዛ የሚገባው ፊልም ትዝ ብሎኛል። አንድ አንጥረኛ ለጠላቱ ፈረስ ጫማ የሚመታበት ነው። ስሙን ሳስታውሰው እጽፍልሻለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ይዘንባል።

ማንደፍሮ


ቢልመር፣ ጁላይ 15 ቀን 1984

ጋሽ ማንደፍሮ፣

ፊልሙን ማግኘቴን ከእርስዎ ሌላ ለማንም አልነገርኩም። መርከበኛውና የትነበርሽ ደግሞ እርስዎን አያውቁዎትም።

ትናንት ዴን ሃግ መጣሁ። አስቀድሜ ሳልጽፍ መምጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጽፌ ቢሆን ግን ቤት አላገኝዎትም ነበር። ደወሉን ተጫንኩ። መስኮትዎ ላይ መብራቱ ብልጭ ሲል ከመንገድ አየሁት። ቆይቼ ደገምኩ፤ እንደገና ብልጭ አለ፤ መጋረጃው ተነቃነቀ። ሦስተኛ ጊዜ አልተጫንኩም። የሚያንኳኳብዎት ሰው ምን ይመስልዎት እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። ካሴቱን ታች ላሉት ሴትዮ ሰጥቼልዎታለሁ። ቤቴ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ገዝቶ ማስቀመጥ የሚገባ ፊልም ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎትና እርስዎ ያስቀምጡት።

አራት ዓመት አረጋውያን አጥቤአለሁ። ሊሞቱ ሲሉ የሚያስጨንቃቸው ያደረጉት ነገር ብቻ አይደለም፤ ለማን እንደሚነግሩት ማጣታቸውም ነው። እኔ እርስዎን ለመክሰስ ቢሮ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልከስዎትም። ሐሙስ የእናቴ ደብዳቤ መጣልኝ። ዓይኗ ደክሟል። በሩ እንዳይዘጋባት ድንጋይ አስደግፋበታለች። የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው፤ ሞቷል ወይ? ቀኑስ መቼ ነው? የቀረውን ለራስዎ ያስቀሩት።

ፋንታዬ


ዴን ሃግ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1984

ፋንታዬ፣

ልጄ ብዬ ለመጻፍ አልደፈርኩም።

ሞቷል። ቀኑ የካቲት 16 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ቀኑን ለመስጠት ይህን ያህል ጊዜ ፈጀሁብሽ። የቀረውን አስቀረው ብለሻል፤ ማስቀረት የምችል አይመስለኝም።

የካቲት 8 አራተኛው ጥቅል አልቆ መብራት ሲበራ ሰዉ ወጣ፤ አድማሴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቀረ። አልወጣም ነበር። ወርጄ «አለቀ እኮ» አልኩት። «ጋሽ ማንዴ፣ መውጫ የለኝም» አለኝ። ወረቀት በመበተን ስሙ ቀበሌ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ጓደኞቹ በዚያው ሳምንት ተይዘዋል። ከሸራው በስተጀርባ የፊልም ሣጥን የምናስቀምጥበት ጠባብ ክፍል ነበረ። እዚያ አስገባሁት። ስምንት ቀን ቆየ። ዳቦና ሻይ እወስድለታለሁ። ፊልሙን ከሸራው ጀርባ ሆኖ ገልብጦ ያየው ነበር። «ጋሽ ማንዴ፣ አክተሩ ግራኝ ነው» ይለኛል፤ ከጀርባ ሲታይ ቀኙ ግራ ስለሚሆን። በዚያ ጭንቀት ውስጥ የሚስቅ ልጅ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ከፊት አስቀምጬ አምስተኛውን ጥቅል ድምፁን አጥፍቼ አሳየሁት። ያን ቃል የተናገረው ያን ጊዜ ነው። እንዴት አድርጌ ለአንቺ እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ እሱ ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት ቆይቼ፣ ስለ ፊልም ሳወራሽ ረሳሁና አብሮን የተቀመጠ መሰለኝ።

የካቲት 15 ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለነገ ጧት አሰሳ እንዳለ አስነገረ። ሰምተሽኝ እንደሆነ ይህን አንድ ቃል አትለፊው፤ ልውጣ አላለም። ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። የሰዓት እላፊው እንዳበቃ የጎን በሩን ከፈትኩለት። ጧቱ ብርድ ነበር፤ ካፖርቴን ሰጠሁት። «ቡኒው? ይሄማ የሥራ አስኪያጅ ነው የሚያስመስለኝ» አለኝ። ደግሞም «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» አለኝ። አምስተኛውን ጥቅል ያየ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ።

ተኩስ ተሰምቶ ይሆናል፤ እኔ አልሰማሁም። አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ መታጠፊያው ላይ ሰው ቆሟል። ሦስት ሰዎች ጥግ ላይ ተጋድመዋል። ፊታቸውን አላየሁም። ካፖርቱን አየሁት። ክርኑ ተቀዶብኝ በማሽኑ ክፍል መጋረጃ ቁራጭ፣ በጥቁር፣ እኔው ራሴ ጥፌው ነበር። አጠገቤ ያለች ሴት ሳታየኝ «አትቁም፣ ይቆጥሩሃል» አለችኝ። አልቆምኩም። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ እንኳ አላነሣሁም። አሳሾቹ በዚያ ቀን ሲኒማ ቤቱን አልፈው ሄዱ። አልገቡም። በማግሥቱም አልገቡም።

እትዬ አበባይሽ የካቲት 26 ፎቶግራፉን ይዘው መጡ። እውነቱን ብነግራቸው ያለቅሳሉ፤ ካለቀሱ ከማን ሰማሽ ይባላሉ፤ ካፖርቱም የእኔ ነው። በፍርሃት «አራተኛው ጥቅል ሳያልቅ ወጣ» አልኳቸው። «እንግዲያስ በሰላም ወጥቷል» ብለው ጉልበቴን ሳሙት። ያን ካየሁ በኋላ ቃሌን መመለስ አልቻልኩም። በወሩ አገሬን ጥዬ ወጣሁ። አንቺን እዚህ ሳገኝሽ የእሱን ዓይን ይዘሽ መጣሽ፤ ለዚህ ነው ገናም ፋሲካም የማልመጣው። ሞሮኳዊው አገሩ አልሄደም ነበር።

ካሴቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማሽን የለኝም። አንዳንድ ቀን አነሣዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ይቅርታ ብዬ አልጽፍም፤ ለዚህ የሚበቃ ቃል የለኝም።

ማንደፍሮ ጣሰው


ቢልመር፣ ማርች 31 ቀን 1985

ለጋሽ ማንደፍሮ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለስድስት ወር መልስ ያልሰጠሁት ልቀጣዎት ብዬ አይደለም። ከማን ጋር እንደምነጋገር አጥቼ ነው። አንዳንድ ቀን ወንድሜን ስምንት ቀን ዳቦ ካበላው ሰው ጋር ነው፤ አንዳንድ ቀን በሩን ከከፈተለት ሰው ጋር። አሁንም ሁለቱን አንድ ማድረግ አቅቶኛል።

ነገሩ በፖስታ የሚላክ አልነበረም። እናንተ ከተማ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ የገባው ሽባባው፣ የእርስዎን ደብዳቤ በቃሉ አጥንቶ በታኅሣሥ ለእናቴ ነገራት። ወረቀቱን እዚሁ አስቀርቼዋለሁ። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው አለኝ። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ «ቀኑን ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት። ከዚያ ተነሥታ ለእሱ ምሳ አቀረበችለት።

ትናንት ደብዳቤዋ መጣ። የጻፉላት ጎረቤታችን መምህር አየለ ናቸው። በፖስታ የሚመጣ ስለሆነ የአድማሴን ስም አንድም ቦታ አልጠራችም። የካቲት 16 ፍትሐቱ ተፈታ፣ ሰባት ዓመቱም ወጣ። ጾም ገብቶ ስለነበር ድግሱ የጾም ነበር። ብዙም አላደረገችም፤ ከሰሜን በረሃብ የመጡ ሰዎች በአጥር ጥግ ተቀምጠው ስለነበር ከዘመድ ይልቅ የበሉት እነሱ ናቸው። ልብሱን ለእነሱ ሰጠች። ድንጋዩን ከበሩ አነሣች። «በአሥራ ስድስት ማታ በሩን ቆልፌ ተኛሁ» ትላለች። ከዚህ ቀጥሎ ወደ እኔ መምጣት እንደምትችል ጽፋለች፤ ብርዱን ትችለው እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

እርስዎንም ስምዎን ሳትጠራ አንሥታዎታለች። ያለችውን እንዳለ እገለብጥልዎታለሁ፦ «ያን ሰው ጠይቂልኝ። ካፖርቱ ወፍራም ነበር ወይ? ወፍራም ከነበረ ልጄን ያን ጧት ብርድ አላገኘውም ማለት ነው።»

እርግማን አልጠበቅሁም፤ ምርቃትም የለበትም። ይህን ብቻ ነው የጠየቀችው። እኔ እሷ የደረሰችበት አልደረስኩም። ምናልባት ስትመጣ ታስተምረኛለች።

የካፖርቱን ነገር በደብዳቤ እንዲመልሱልኝ አልፈልግም። በአፍዎ እንዲነግሩኝ ነው የምፈልገው፤ እኔም ለእሷ በአፌ እንድነግራት። ቅዳሜ በአራት ሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ። ካሴቱንም እወስደዋለሁ፤ እናቴ አንድ ቀን እሱ ያየውን ልይ ትል ይሆናል።

ደወሉን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጫነው። መብራቱ ሲበራ እኔ ነኝ፤ ይክፈቱልኝ።

ፋንታዬ ወልደየስ